ወተት በሕጉ ውስጥ የለም

ቱላሬ፣ ካሊፎርኒያ
ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2018

ለውድ አክስቴ ለኤርሜሊንዳ፣

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎን ትንሽ ተሻለዎት ወይ? እኔም ባለቤቴም ልጆቼም በመንፈስ ቅዱስ ቸርነት ደኅና ነን። እዚህ ሸለቆው ሁሉ ጉም ውጦታል፤ ላሞቹም ሰዎቹም ተሰላችተዋል። ለሰላምታ ይህ ይበቃል። ተናድጄ ነው የምጽፈው።

ደውዬ ብነግርዎት ይቀለኝ ነበር። ግን ጆሮዎ ከደከመ ወዲህ ስልኩ ላይ እየጮኹ ነው የሚያወሩት፤ አልታሬስ በሙሉ ይሰማል። ይህ ነገር እኔ ላይ የደረሰውም መንደሩ ሰምቶት ነው።

ባለፈው ሳምንት ከፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣልኝ። በሉሲሊያ ተቆጣጣሪነት የሠራሁት የሁለት ዓመት ሰዓት በሙሉ ታግዷል ይላል። ከደብዳቤው ጋር በፖርቱጋልኛ የተጻፈ አንድ ወረቀት ተያይዟል። «ሉሲሊያ የወንድሜ የዣሲንቱ ልጅ ናት፤ ኦዴት የወንድሜ የዱዋርቴ ልጅ ናት፤ ሁለቱም የእኛ ቤት ልጆች ናቸው» ይላል። ከሥሩ ያለውን ፊርማ ማንም ሳይነግረኝ አወቅኩት። ጫፉ እንደ ወይን ሐረግ የሚጠመዘዝ ፊርማ ያለው ሰው ከእርስዎ ሌላ አላውቅም።

እስከ ዛሬ «ባልና ሚስት ለማስታረቅ ደግሞ ምን ትምህርት ያስፈልጋል» እያሉ ሲስቁብኝ ዝም ያልኩት ልክ ስለሆኑ አይደለም፤ አክስቴ ስለሆኑ ነው። አሁን ግን ይስሙኝ። የጋብቻና የቤተሰብ አማካሪ ለመባል መጀመሪያ ሁለተኛ ዲግሪ ያስፈልጋል። እሱን ልጆቼን እያሳደግኩ፣ የከብት መኖ መደብር ሒሳብ እየያዝኩ ጨረስኩት። ከዚያ ሦስት ሺህ ሰዓት ሥራ አለ፤ ሰው ፊት ተቀምጦ የሰው ትዳር መስማት፣ ከዚያም በየሳምንቱ ፈቃድ ያለው ተቆጣጣሪ ፊት ቀርቦ ምን እንዳልኩ፣ ምን እንደሳትኩ መናገር። ተቆጣጣሪው ካልፈረመ ሰዓቱ ሰዓት አይደለም። ከዚያ በኋላ ሁለት ፈተና፤ አንዱ የሕግና የሥነ ምግባር፣ ሁለተኛው የሙያው።

እሱም ብቻ አይደለም። ስድስት ዓመት ያለፈው ሰዓት ይጣላል። ልክ እንደ ወተት ነው፤ በጊዜው ካላደረሱት ይኮመጥጣል። የእኔ የመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች ከመጪው መከር ጀምሮ መውደቅ ይጀምራሉ። የሉሲሊያን ሁለት ዓመት ከወሰዱብኝ፣ ሌላ ተቆጣጣሪ አግኝቼ ያንን እስክሞላ ከኋላ ያለው ይወድቃል። እንዲያ እያልኩ ስሮጥ በአርባ አራት ዓመቴ የጀመርኩትን በስልሳዬም አልጨርሰውም።

ሕጉ ደግሞ ግልጽ ነው። ተቆጣጣሪ በደም ወይም በጋብቻ ዘመድ መሆን አይችልም። ዘመድ የዘመዱን ጥፋት ይሸፍናል ብለው ነው፤ ሕጉን አልጠላውም። ሉሲሊያን የመረጥኩት በዚህ አካባቢ በፖርቱጋልኛ የሚቆጣጠር ሌላ ሰው ስለሌለ ነው። የእኛ ወተት አላቢዎች በእንግሊዝኛ ስለ ላም እንጂ ስለ ሚስታቸው አያወሩም።

ስለዚህ የምለምንዎት አንድ ነገር ነው። ወደ ከተማ ወርደው፣ ውል አዋዋይ ፊት ቀርበው፣ ሉሲሊያ የእኛ ዘመድ አይደለችም ብለው በመሐላ ይፈርሙልኝ። እስከ ጁን መጨረሻ ካልደረሰ ነገሩ አለቀ። እንዴት እንዲህ ያለ ወረቀት ይፈርማሉ? ለማን ብለው ነው?

ቡራኬዎን የምትለምን የወንድምዎ ልጅ
ኦዴት


አልታሬስ፣ ቴርሴይራ ደሴት
ማርች 19 ቀን 2018

ለልጄ ለኦዴት፣

እግዚአብሔር ይባርክሽ፣ እመቤታችን ከክፉ ትሰውርሽ። ቡራኬ ጠይቀሻልና ሰጠሁሽ፤ ስለተቆጣሁ ቡራኬ አልከለክልም። አሁን ደግሞ ቁጣውን ተቀበይ።

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ሁለተኛው ከፊተኛው ይበልጥ አናደደኝ። እንዴት ይፈርማሉ ትይኛለሽ፤ የፈረምኩት እውነት ስለሆነ ነው። የኤቫሪስቱ እናት ኪቴሪያ በገና ሰሞን ጣፋጭ ዳቦ ጋግራ መጣች። ተቀምጠን አወራን። ልጄ እዚያ ቱላሬ ከኦዴትና ከሉሲሊያ ጋር ይተዋወቃል፣ በመንፈስ ቅዱስ በዓል ላይ ኦዴት ሉሲሊያን እንደ አጎት ልጅ «ፕሪማ፣ ሾርባው ሳይቀዘቅዝ ነይ» ስትላት ሰማ፣ እውነት ዘመዳሞች ናቸው ወይ አለችኝ። እንዴታ አልኳት። በጽሑፍ አድርጊልኝ አለች። አደረግኩላት። ምን ልል ኖሯል? አላውቃትም ልበል? እዚህ መንደር ዘመዱን የካደ ሰው ቤተ ክርስቲያን ሲገባ አግዳሚው ላይ ቦታ የሚለቅለት አያገኝም።

አሁን ኪቴሪያ ሌላም ነግራኛለች። የኤቫሪስቱ ሚስት ወደ እናንተ ቢሮ እየተመላለሰች ቆይታ አንድ ቀን ሻንጣዋን አነሳች አሉ። ታዲያ እሱ ከሚስቱ ቢጣላ እኔ ምን አገባኝ?

የማታውቂው ከሆነ ልንገርሽና ለፈቃድ ሰጪዎችሽ ንገሪያቸው። የዣሲንቱ እናት እሱን በወለደች በሦስተኛው ቀን ሞተች። አባትሽ ያን ጊዜ የሁለት ወር ልጅ ነበር። እናቴ ሄዳ ልጁን ከአባቱ እጅ ተቀበለችና ይዛው መጣች፤ በግራ ጡቷ እሱን፣ በቀኝ ጡቷ አባትሽን አጠባች። እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። ሲያለቅስ ከአልጋ የማነሳው፣ ሲጠግብ እንዲያገሳ ጀርባውን መታ መታ የማደርገው እኔ ነበርኩ። እስክትሞት እማዬ ሲላት ኖረ። ስትሞትም የሳጥኗን ፊት ይዞ የወጣው እሱ ነው። አባትሽ ያን ቀን ካሊፎርኒያ ላም ያልብ ነበር፤ አልፈርድበትም፤ ግን አልነበረም።

አሁን አንቺ ውል አዋዋይ ፊት ቀርበሽ ዣሲንቱ ወንድሜ አይደለም በይ ትይኛለሽ። ሉሲሊያ ዘመዴ አይደለችም ማለት እኮ ያ ማለት ነው። የቤተሰብ አማካሪ ልትባይ ነው ስድስት ዓመት የለፋሽው። ቤተሰብ ምን እንደሆነ የማያውቅ መሥሪያ ቤት የሰጠሽን ፈቃድ ምን ልታደርጊበት ነው? ግድግዳ ላይ ልትሰቅዪው?

አልፈርምም።

ዣሲንቱ ሳል ይዞታል፤ ከገና በዓል ጀምሮ አልለቀቀውም። በየቀኑ ሾርባ እወስድለታለሁ። ይህን ሁሉ አልነገርኩትም፤ አንቺም እንዳትነግሪው። ስትልኪ ያንን አረንጓዴ ክዳን ያለውን የጉልበት ቅባት አትርሺ። ለዣሲንቱም ወፍራም የሱፍ ካልሲ ጨምሪ፤ እግሩ ሁልጊዜ ይበርደዋል።

የአባትሽ እህት፣ የዣሲንቱም እህት
ኤርሜሊንዳ


ቱላሬ
ኤፕሪል 9 ቀን 2018

ለአክስቴ ለኤርሜሊንዳ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ስለ ቡራኬው አመሰግናለሁ።

በደብዳቤዎ ስሙን የጠሩትን ሰው አውቀዋለሁ ማለትም፣ አላውቀውም ማለትም አልችልም። እናቱ ለመንደሩ ብታወራ፣ እሱ ራሱ በአደባባይ ቢለፍፍ፣ እኔ አልችልም። ማን ቢሯችን እንደመጣና ማን እንዳልመጣ መናገር ሙያው ይከለክለኛል። እርስዎ ለአንድ ዳቦ ወረቀት ይፈርማሉ፤ እኔ ራሴን ለመከላከል እንኳ አፌን መክፈት አልችልም። የሚያናድደኝ ይህ ነው። አንድ ሰው ተናዶ ከሩቅ ድንጋይ ይወረውራል፤ ድንጋዩን ያቀበለችው የገዛ አክስቴ ናት።

የዣሲንቱን ነገር ከእርስዎ መስማት አያስፈልገኝም፤ ከአባቴ ሺህ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ሉሲሊያን ተቆጣጣሪ ብትሆኚኝ ይሆናል ወይ ብዬ ስጠይቃት ሁለታችንም ሕጉን አንብበናል። በደም ወይም በጋብቻ ነው የሚለው። የአንድ ጡት ልጆች አይልም። ወተት በሕጉ ውስጥ የለም። እርስዎ ግን «የወንድሜ ልጅ» ብለው ጻፉ፤ እዚያ ያለው ሠራተኛ ደግሞ ወንድም ሲል ያነበበው ደም ነው። ሌላ ምን ሊያነብ ይችላል?

አንድ ነገር ልንገርዎትና ይሳቁ። በመለማመጃ ፈተናው ላይ «ቤተሰብ ማን ነው?» የሚል ጥያቄ ወጣ። ትክክለኛው መልስ፣ ሰዎቹ ራሳቸው ቤተሰባችን ነው ያሉት ሁሉ የሚለው ነው። እሱን መርጬ ነጥብ አገኘሁ። እርስዎ ቢፈተኑም ያልፉ ነበር። ግን እሱ የሚሠራው ለሚመጡልኝ ሰዎች ነው፤ ለእኔ ሲሆን ደምና ጋብቻ ብቻ ነው። እንደሚያሳርር አውቃለሁ። ከእርስዎ በላይ እኔን ያሳርረኛል። ግን ሕጉን የጻፍኩት እኔ አይደለሁም፤ እንድጽፈውም የጠራኝ የለም።

ዋሹ አላልኩዎትም። እውነቱን ይጻፉ፤ በደም አንገናኝም፣ በጋብቻ አንገናኝም ይበሉ። ሁለቱም እውነት ነው። ከዚህ በላይ ምን ያስቸግራል? ከሰባ ዓመት በፊት ለተጠባ ወተት የእኔ ስድስት ዓመት ይደፋ ነው የሚሉት?

ቅባቱን ገዝቼ አስቀምጬዋለሁ። ወረቀቱ ሲደርሰኝ እልከዋለሁ።

ኦዴት


አልታሬስ
ሜይ 28 ቀን 2018

ለተከበሩ ወይዘሮ ኦዴት ቶስቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ነዎት? ባለቤትዎና ልጆችዎስ ደኅና ናቸው? እኔ ደኅና ነኝ። የጠየቁት ወረቀት ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል። ማኅተሙ እንዳይደበዝዝ በወፍራም ካርቶን ጠቅልዬዋለሁ።

እንዴት እንደተፈረመ ማወቅ ስለሚገባዎ እጽፍልዎታለሁ። እኔ ለዣሲንቱ አልነገርኩትም ነበር። ልጁ ሉሲሊያ ደውላ ነገረችው፤ ምንም አይደለም አባዬ፣ የወረቀት ነገር ነው አለችው። በማግሥቱ ሾርባውን ይዤ ስሄድ ልብሱን ለብሶ፣ ባርኔጣውን አድርጎ በር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። «ተነሺ እንሂድ ኤርሜሊንዳ፣ ልጅቷ ልትቸገር ነው» አለኝ። አልሄድም አልኩት። «አንቺ ካልሄድሽ እኔ ብቻዬን ሄጄ እህት የለኝም ብዬ እፈርማለሁ» አለ። በአውቶቡስ ሄድን። መንገዱን ሁሉ ሳለ።

ውል አዋዋዩ ወጣት ነው፤ ጨዋ ልጅ ነው። ጽፎ ጨርሶ ጮክ ብሎ አነበበልን። በደምም በጋብቻም ምንም ዝምድና የላቸውም። ዣሲንቱ ባርኔጣውን አውልቆ፣ «ጌታዬ፣ ነገር ግን አንድ ጡት ጠብተዋል የሚል ቢጨምሩልን» አለው። ልጁ ተቸገረ። እንደዚያ ብጨምር ወረቀቱ ሊመለስባችሁ ይችላል፣ የተጠየቀው ደምና ጋብቻ ነው፣ ለሌላው ቦታ የለውም አለ። ዣሲንቱ እሺ ብሎ ፈረመ። እኔም ፈረምኩ። ፊርማዬን እንደሚያውቁት ጽፈው ነበርና ጫፉን ሳላዞር ጻፍኩት።

አውቶቡስ ስንጠብቅ «እንግዲህ ከዛሬ ወዲያ ምን ብዬ ልጥራሽ?» አለኝና ሳቀ። ሊያስቀኝ ብሎ ነው። አልሳቅኩም።

የኪቴሪያን የዳቦ ሳህን ወስጄ ደጃፏ ላይ አስቀመጥኩላት። ቤቷ አልገባሁም።

ቅባቱን አይላኩ፤ ጉልበቴን ለምጄዋለሁ። ሌላ የሚያስፈልግዎ ወረቀት ካለ ይጻፉልኝ፤ የውል አዋዋዩን ቤት አሁን አውቄዋለሁ። ቡራኬ አልጨመርኩም። ዣሲንቱ ወንድሜ ካልሆነ እርስዎ የማን ልጅ እንደሆኑ ግራ ገብቶኛል፤ ለማላውቀው ሰው ደግሞ ቡራኬ መላክ ድፍረት ይሆንብኛል።

ኤርሜሊንዳ ቶስቴ


ቱላሬ
ኦገስት 20 ቀን 2018

ለአክስቴ፣

ቶሎ ያልጻፍኩት ተናድጄ ስለነበር ነው፤ አሁንም አልበረደልኝም። «እርስዎ» ብለው ጻፉልኝ። ሕፃን ሆኜ ገላዬን ያጠቡኝ፣ ጸጉሬን የጎነጎኑልኝ ሴት «ለተከበሩ ወይዘሮ» ብለው ጻፉልኝ። ሰው ብዙ ሰድቦኛል፤ ባለፈው ዓመት አንድ ሰው ቢሮዬ ውስጥ ወንበር አንስቶብኛል፤ እንደዚህ ግን ማንም አልሰደበኝም። ደብዳቤውን ለባለቤቴ ሳነብለት «አክስትሽ ሰይፍ ናቸው» ብሎ ሳቀ። ለእሱ ቀልድ ነው።

ለማንኛውም ወረቀቱ ደርሶ ተቀብለውታል። ሰዓቶቼ ተመልሰዋል። ስላደረጉልኝ አመሰግናለሁ፤ ከልቤ ነው የምለው፣ ምንም እንኳ ከደብዳቤዎ በኋላ ማመስገኑ ቢያንቀኝም። የቀሩኝ ጥቂት መቶ ሰዓቶች ናቸው። ከዚያ ፈተናው ነው።

አንድ ነገር ብቻ አለ። ከመሥሪያ ቤቱ የመጣው ደብዳቤ መጨረሻ ላይ፣ የዝምድና ምልክት የሚያሳይ አዲስ ነገር ከቀረበ ጉዳዩ እንደገና ይከፈታል ይላል። አንድ የሚከታተለን ሰው እንዳለ ደግሞ ያውቃሉ፤ ከዚህ በላይ አልናገርም። ስለዚህ የመጨረሻው ሰዓት እስኪፈረም እኔና ሉሲሊያ ተስማምተን ሁሉን ነገር አቁመናል። እሷ ቤት አልሄድም፣ እኔ ቤት አትመጣም። በዘንድሮው በዓል እሷ ከበሩ አጠገብ፣ እኔ ከመድረኩ ሥር ተቀምጠን ነው ሾርባችንን የበላነው። ወይዘሮ ሉሲሊያ እላታለሁ። ፕሪማ የሚለው ቃል ከአፌ ሊወጣ ሲል ምላሴን እነክሳለሁ። ሞኝነት ይመስላል፤ ግን በሞኝነት ነው እዚህ የደረስነው።

እባክዎ እርስዎም ይርዱኝ። ለሁለታችን በአንድ ፖስታ አይጻፉ። የገናውንም አይብ ለሁለታችን በአንድ ሳጥን አይላኩ፤ ለየብቻ ያድርጉት፣ ወይም ዘንድሮ ይቅር። ከኪቴሪያ ጋር ምንም አያውሩ።

አይላኩ ቢሉኝም ቅባቱን ልኬያለሁ።

ኦዴት


አልታሬስ
ዲሴምበር 2 ቀን 2018

ኦዴት፣

«እርስዎ» ማለቱን ትቼዋለሁ። ሰውን እያከበርኩ መሳደብ አይሆንልኝም።

ዣሲንቱ በኖቬምበር አጋማሽ ሞተ። ይህን ከሉሲሊያ ሰምተሻል፤ ስለዚህ ያልሰማሽውን ልንገርሽ። ሳሉ ሳምባው ውስጥ ገብቶ ነበር። መጨረሻ ላይ ሲያየኝ «ምን ብዬ ልጥራሽ?» እያለ ያሾፍብኝ ነበር፤ ያቺን ቀልድ ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተዋትም። እኔም እህትህ በለኝ እለዋለሁ። «ወረቀቱስ?» ይለኛል። የመጨረሻ ንግግራችን እንግዲህ ስለ አንቺ ወረቀት ነበር ማለት ነው። ደስ ይበልሽ።

ሉሲሊያ በሞተበት ቀን ከዚያ ተነሳች። ነፋሱ ግን ደሴቱን ይዞት ነበር፤ አውሮፕላን አላረፈም። ሬሳ ደግሞ አይጠብቅም። አጥበን አለበስነው፣ ሳጥኑን ቤቱ ውስጥ አስቀመጥነው። ካልሲ ልኬ ነበር እንዳትይ፤ አልላክሽም። ከአሮጌ ሱፍ ራሴ ሠርቼለት ነበር፤ እሱን አደረግኩለት።

ሰው መምጣት ሲጀምር ቄሱ ዘመድ ማን ነው፣ በር ላይ ቆሞ ማን ይቀበላል አሉ። ታውቂያለሽ፤ እዚህ በር ላይ ዘመድ ያልቆመለት ሬሳ ባለቤት የሌለው ሬሳ ነው። ልጁ ገና አውሮፕላን ውስጥ፣ ሰማይ ላይ ናት፤ ሚስቱ ከሞተች ቆይቷል፤ አባትሽ በሕይወት ቢኖር እሱ ነበር የሚቆመው። ተነስቼ ጥቁር ሻሌን አስተካክዬ ቆምኩ።

ኪቴሪያ መጣች። ሰው ከኋላዋ ተሰልፏል። እጄን አልጨበጠችም፤ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ «ኤርሜሊንዳ ዘመዱ አይደለሁም ብላ ፈርማ የለም እንዴ? ጎረቤት ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው በር ላይ የሚቆመው?» አለች። የውል አዋዋዩ ጸሐፊ የእህቷ ልጅ ነው፤ ለካ ሁሉም ያውቃል። ሰዉ ሁሉ ጫማውን ማየት ጀመረ።

«ፈርሜያለሁ» አልኳት። «የፈረምኩት ለካሊፎርኒያ ነው፤ ለዚህ በር አልፈረምኩም። አሁን እጄን ጨብጠሽ ግቢ፤ ካልሆነ መንገዱን ልቀቂ፤ ከኋላሽ ሰው ቆሟል።»

ጨብጣኝ ገባች። ከእሷ በኋላ የመጣው ሁሉ «እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ስለ ወንድምሽ» አለኝ። አንድ በአንድ ጮክ ብለው ነው ያሉት፣ እሷ እንድትሰማ።

ሉሲሊያ የደረሰችው ከተቀበረ በኋላ ነው። ማን በር ላይ ቆመ አለችኝ፤ እኔ አልኳት። አቅፋኝ ብዙ አለቀሰች። ከዚያ ኦዴትስ ከመነሳትሽ በፊት መጣች ወይ፣ ሻንጣ አዘጋጀችልሽ ወይ፣ አየር ማረፊያ ሸኘችሽ ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ካርድ ላከችልኝ አለችኝ። ካርድ። አበባ ያለበት። አሳየችኝ፤ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛው ነበር። «ለተቆጣጣሪዬ ለወይዘሮ ሉሲሊያ፣ በደረሰብዎ ሐዘን» ይላል። እዚህ «እርስዎ» ብዬ ስጽፍልሽ ሰደቡኝ ብለሽ አልነበረም?

ቤቷ ካንቺ ቤት በመኪና የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው፤ አባትሽ ነው የነገረኝ። እኔ በሰባ ስምንት ዓመቴ ነፋስ ላይ ቆሜ ዋልኩ፤ አንቺ አሥር ደቂቃ ነድተሽ አባቷ የሞተባትን ሴት ማቀፍ ፈራሽ። ሰው ያየኛል ብለሽ። ነገ ደግሞ ባልና ሚስት ፊትሽ አስቀምጠሽ ምን ልትያቸው ነው?

ሰዓትሽን ቆጥረው ይስጡሽ። መሥሪያ ቤቱ ከጠየቀሽ ኤርሜሊንዳ በር ላይ ቆመች በያቸው። ለእኔም ይጻፉልኝ፤ መልስ አላጣላቸውም።

ቅባቱ ደርሶኛል። ያን ቀን ብዙ ስለቆምኩ ጠቅሞኛል።

ኤርሜሊንዳ


ቱላሬ
ማርች 3 ቀን 2019

ለአክስቴ ለኤርሜሊንዳ፣

ለጤናዎ እንደምን አሉ? ቡራኬዎን አልለምንም፤ እስኪሰጡኝ እጠብቃለሁ።

ይቅርታ ለማለት አይደለም የምጽፈው። አሁንም ተናድጃለሁ። በዚያ ሰውዬ፣ በእናቱ ዳቦ፣ ደምና ጋብቻ ብቻ በሚያውቀው ሕግ፣ በእርስዎም። በራሴ የተናደድኩትን ግን እዚህ አልጽፈውም፤ ወረቀቱ አይበቃኝም። ያን ጊዜ ሰዓቴን ልጨርስ የቀረኝ ሦስት ሳምንት ነበር። ሦስት ሳምንት ልትታገሠኝ ትችላለች ብዬ አሰብኩ። እሷ አዋቂ ናት፣ ሕጉን ታውቀዋለች፣ ትረዳኛለች አልኩ። ከለቅሶ ከተመለሰችም በኋላ የቀሩትን ሰዓቶች ቁጭ ብላ ሰማችኝ፤ አንድም ሳታጎድል ፈረመችልኝ። ስለ አባቷ አንድ ቃል አልተናገረችም። እኔም አልጠየቅኳትም፤ ያ ሰዓት ለሥራ ነበር።

ሁለቱንም ፈተና አለፍኩ። ፈቃዱ ሐሙስ ዕለት በፖስታ መጣ። ስሜ አለበት፣ ቁጥር አለበት። ባለቤቴ መስታወት ሊያስገጥምለት ወሰደው።

ፈቃዱ ከደረሰ በኋላ ሉሲሊያ ተቆጣጣሪዬ አይደለችም። ከእንግዲህ የሚከሰኝም፣ የሚከታተለኝም የለም። ጣፋጭ ዳቦ ጋገርኩ፤ በእናቴ አሠራር፣ እንቁላሉን አብዝቼ። በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ገና ሳይቀዘቅዝ ቤቷ ሄድኩ። አክስቴ፣ ልክ ነዎት፤ አሥር ደቂቃ ነው። እንዲያውም አይሞላም።

ደወልኩ። ከፈተች። ጥቁር ለብሳለች። «ፕሪማ» አልኳት፤ ከስንት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ።

እጇን ከበሩ እጀታ ላይ ሳታነሳ አየችኝ። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ቢሯችን ለሚመጣ ሰው በምትናገርበት፣ እኔንም ባስተማረችኝ በዚያ ለስላሳ ድምፅ፣

«ቀጠሮ አለሽ?» አለችኝ።

የለኝም አልኳት። ዳቦውን ይዤ ተመለስኩ፤ ልጆቹ በሉት።

እዚህ ለሚመጡልኝ ሰዎች በየቀኑ የምመልሰው አላጣም። ለዚህች አንድ ጥያቄ ግን ከሦስት ሺሁ ሰዓት ውስጥ አንዱም አልጠቀመኝም። እርስዎ በር ላይ ሆኖ ምን እንደሚባል ያውቃሉ። ምን ልበላት? ይጻፉልኝ። «አንቺ» ብለው ይጻፉልኝ፤ መሳደብም ይችላሉ።

መልስዎ እስኪደርስ ግን አልጠብቅም። ነገ ከሥራ ስወጣ እንደገና እሄዳለሁ። ዳቦ አልይዝም። ሄጄ በሯ ላይ እቆማለሁ።

የዱዋርቴ ልጅ
ኦዴት